ሞቶ ጉዚ 850 ቲ3ን በገዛ እጅ ሰርቪስ ማድረግ

ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ኮፓ። አዲስ አበባ ጋራዥ አካባቢ ያደገ ሰው እነዚህ ቃላት ከየት መጡ ብሎ አይጠይቅም። የሜካኒክ ቃላት ናቸው፣ በቃ። እኔም ጣሊያንኛ መሆናቸው በደንብ የገባኝ ሚላኖ ከመጣሁ በኋላ፣ የአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል የጥገና መጽሐፍ ስገልጥ ነው። ቋንቋውን ገና እየጀመርኩ ነበር። የመጽሐፉን ብዙ ገጽ ግን ያለ መዝገበ ቃላት ተከተልኩት። ካንዴላ ሻማ ማለት እንደሆነ፣ ፍሪሲዮንም መፋተግ ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሞተር ሳይክሏ ሞቶ ጉዚ 850 ቲ3 ናት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ብርዱ ሲያልፍ ሰርቪሷን ራሴ እሠራለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው አንድ ነገር ከልቤ ስለማምን ነው፤ ይህች ማሽን የተሠራችው ባለቤቷ እንዲፈታት ተደርጋ ነው። ቴስታታዎቹ፣ የሲሊንደሮቹ ራሶች፣ ሁለቱም ደጅ ናቸው። ቫልቭ ለማስተካከል ምንም የፕላስቲክ ልብስ መግፈፍ የለባችሁም። ኮምፒውተር የላትም። ቮልስዋገን ወይም አሮጌ ፊያት ላይ እጁን ያሟሸ ሰው እዚህ ቤቱ ነው።

መጀመሪያ ማሽኗን እንወቅ

ሞቶ ጉዚ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ፋብሪካው ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው የሚገኘው። በ1960ዎቹ ጁሊዮ ቼዛሬ ካርካኖ የተባለው መሐንዲስ በቪ ቅርጽ የተከፈተ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነደፈ። የመጀመሪያዋ ቪ7 በ1967 ገበያ ላይ ዋለች፣ 703 ሲሲ ነበረች። ቆየት ብሎ ሊኖ ቶንቲ ዝቅ ያለ፣ ቀጥ ባሉ ቧንቧዎች የተገጣጠመ ጠንካራ ሻሲ ሠራ። ቲ3 በ1975 ስትመጣ ሁለቱንም ይዛ ነው። የሲሊንደሯ ስፋት 83፣ የፒስተኗ ምልልስ 78 ሚሊሜትር ነው፤ የሁለቱ ሲሊንደሮች ይዘት ሲደመር 844 ሲሲ። እህቶቿ ቲ3 ካሊፎርኒያና ኤስፒ 1000 ብዙ ነገሯን ይጋራሉ። ካሊፎርኒያ የሚለው ስም የመጣው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ እነዚህን ጉዚዎች ስለተጠቀመ ነው። እህቶቿን የያዛችሁ ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ ልኮቹን ግን ከራሷ መጽሐፍ አረጋግጡ።

ዋናው ነገር ሞተሩ የተቀመጠበት መንገድ ነው። ክራንኩ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ከፊት ወደ ኋላ ተጋድሟል። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ በሬ ቀንድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወጥተዋል። ስለዚህ ሁለቱም ቴስታታዎች እኩል ንፋስ ያገኛሉ። ከሞተሩ ኋላ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮኑ ኋላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ከካምቢዮው ኋላ ካርዳን (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ)። ሁሉም በአንድ መስመር ነው፣ የኋላ ጎማዋ እንደሚነዳ መኪና። ፍሪሲዮኑ እንኳን በዘይት ውስጥ አይሽከረከርም። እንደ መኪና ደረቅ ነው፣ ሁለት ዲስክ አለው። ሞተሪኖውም የቮላኖውን፣ ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ጥርስ ይዞ ነው የሚያስነሳው።

ሲሊንደሮቹ በ90 ዲግሪ ስለተከፈቱ አንዱ ፒስተን ጫፍ ላይ ቆም ሲል ሌላው መሃል መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነት ነው። አንዱ የሌላውን ንቅናቄ ያረጋጋል። ለረጅም መንገድ የተወደደችው አንድም በዚህ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ተነድታ እጅ አይደነዝዝም። ቆማችሁ ነዳጅ ስትሰጧት ግን ወደ ቀኝ ዘንበል ትላለች። የተጋደመው ክራንክ ሲፈጥን ሻሲውን በተቃራኒው ስለሚገፋው ነው። መጀመሪያ ቀን ደንግጬ እግሬን ተክዬ ነበር። ብልሽት አይደለም፣ ጠባይዋ ነው።

ምን ያስፈልገናል

የሚሊሜትር መፍቻዎች፣ አለን ቁልፎች፣ ጥሩ ካቻቢቴ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች)፣ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር፣ የዘይት መቀበያ ሳፋ፣ ንጹሕ ጨርቅ። አዲስ የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሁለት፣ የኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጓርኒሲዮን አንድ ቀድማችሁ ግዙ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲፈታ መቀደዱ አይቀርም፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ሱቅ ዝግ ነው።

ቅደም ተከተሉን አትለዋውጡ። መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ መጨረሻ ካርቡራቶር። ቫልቩ ያልተስተካከለ ሞተር ላይ ካርቡራቶር ማስተካከል ጠማማ መሬት ላይ ጠረጴዛ እንደማስተካከል ነው፤ ስታነሷት መልሳ ትወላገዳለች።

1. ቫልቭ

ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ማታ አቁማችሁ ጠዋት ጀምሩ። ሁለት ሰዓት ቀዝቅዟል ብላችሁ አትቸኩሉ፣ የተሰጠው ልክ ለቀዝቃዛ ሞተር ነው።

በመሃል መቆሚያዋ አቁሟት። ሁለቱንም ካንዴላ ፍቱ። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ አየር ስለማያምቅ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። የሁለቱንም ቴስታታ ክዳን ፍቱ። ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባል፣ ጨርቅ ከታች አንጥፉ። አምስተኛ ማርሽ አስገቡና የኋላ ጎማውን በእጃችሁ ወደ ፊት አዙሩ። ሞተሩ በትክክለኛው አቅጣጫ ይዞራል። አምስተኛ ያልኩት ቀላሉ እሱ ስለሆነ ነው፤ በአንደኛ ማርሽ ጎማውን ማዞር ጉልበት ይጨርሳል።

ከሲሊንደሮቹ ኋላ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት ቀኝ ጎን ላይ፣ ትንሽ የጎማ ክዳን አለች። አውጧትና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቮላኖው፣ ፍላይዊል የሚሉትም አሉ፣ ጠርዙ ላይ የተቀረጹ መስመሮች አሉት። ከአንዱ መስመር አጠገብ ዲ፣ ከሌላው አጠገብ ኤስ የሚል የላቲን ፊደል ታገኛላችሁ። ዲ ዴስትሮ ነው፣ ቀኝ። ኤስ ሲኒስትሮ ነው፣ ግራ። ዲ በቀዳዳው መሃል ሲቆም የቀኙ ፒስተን ላይኛው ጫፍ ደርሷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፒስተኑ በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። አንዱ አየር አምቆ ነው፣ ሌላው ጭስ አስወጥቶ። እኛ የምንፈልገው ያመቀበትን ነው። ምልክቱን ብቻ አትመኑ፣ ቫልቮቹን ተመልከቱ። ከካርቡራቶሩ በኩል ያለው፣ የኋለኛው፣ ማስገቢያ ነው። ከማርሚታው ቧንቧ በኩል ያለው፣ የፊተኛው፣ ማስወጫ ነው። ጎማውን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የማስገቢያው ቫልቭ ወደ ውስጥ ይገባና ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ወደ ፊት ስትቀጥሉ ቀጥሎ የሚመጣው የዚያው ጎን ፊደል የእኛው ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ቫልቩን የሚጫኑትን ሁለቱን ክንዶች፣ ሮከር የሚባሉትን፣ በጣታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ ላላ ካሉ ትክክለኛ ቦታ ላይ ናችሁ። አንዱ ድርቅ ካለ አንድ ሙሉ የክራንክ ዙር ይቀራችኋል።

ጥርጣሬ ካለ የፕላስቲክ ስትሮ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡና ከፒስተኑ ጋር ሲወጣ ተመልከቱ። ብረት ነገር አታስገቡ። የቲ3 ሲሊንደር ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነው፣ ጭረት አይወድም።

አሁን የክፍተቱን ልክ ያዙ። ለቲ3 ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.22 ሚሊሜትር ነው። ፊለር ጌጃችሁ ላይ 0.22 ከሌለ 0.10ንና 0.12ን ደርቡ። እኔ የምወደው ሌላ ዘዴ አለ፤ 0.20 በቀላሉ እንዲያልፍ፣ 0.25 ደግሞ ጭራሽ እንዳይገባ ማድረግ። እጅ በስሜት ከሚገምተው ይልቅ ይህ አያታልልም።

የሮከሩ ጫፍ ላይ ብሎንና እሷን የሚቆልፍ ዳዶ አለ። ዳዶውን አላሉ። ፊለሩን በብሎኗና በቫልቩ ጫፍ መሃል አስገቡ። ብሎኗን ቀስ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ፊለሩ ሲጎተት ትንሽ እስኪይዝ። ከዚያ ብሎኗን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙና ዳዶውን በሌላው ቆልፉ። ፊለሩን አውጡና እንደገና ለኩ። ዳዶው ሲቆለፍ ብሎኗን ይዟት መዞሩ የተለመደ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ብትደጋግሙት አትናደዱ። እኔ ዛሬም እደጋግመዋለሁ።

አንዱን ጎን ስትጨርሱ ጎማውን አዙራችሁ የሌላኛውን ፊደል ፈልጉና ያንኑ ድገሙ።

ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልበል። በደንብ የተስተካከለች ጉዚ ቫልቯ ትንሽ ቀጭ ቀጭ ይላል። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ ክፍተቱን አታጥብቡ። ክፍተት የሌለው ቫልቭ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም። ማስወጫው በተለይ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በመቀመጫው በኩል ስለሆነ ካላረፈ ይቃጠላል። ላላ ያለ ቫልቭ ጫጫታ ያሰማል፣ የጠበቀ ቫልቭ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞተው።

ክዳኖቹን ከመመለሳችሁ በፊት ፊታቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ፣ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ በልክ አጥብቁ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ በጉልበት ይበላል።

2. ካንዴላና ፑንቲና

ካንዴላዎቹን ከመመለሳችሁ በፊት ቀለማቸውን አንብቡ። ቡናማ ደህና ነው። ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ርጥብ ጥቁር ዘይት ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷታል፣ ሞቃለች። ግራና ቀኝ ቢለያዩ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ችግሩ በየትኛው ጎን እንደሆነ ነገሯችሁ ማለት ነው። ክፍተቱ 0.6 ሚሊሜትር ይሁን።

ቲ3 ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፑንቲና (እሳቱን በሰዓቱ የሚያስተኩሰው ተከፋች ተዘጊ ነጥብ) እና የራሱ ቦቢና (ኤሌክትሪኩን ከፍ የሚያደርገው ጥቅል ሽቦ) አላት። ምክንያቱም ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል ርቀት ጠብቀው አይተኩሱም። አንዱ ከተኮሰ በኋላ ሌላው 270 ዲግሪ ቆይቶ፣ ቀጣዩ ደግሞ 450 ዲግሪ ቆይቶ ይመጣል። ያ የተሰበረ ምት የሚመስለው ድምፅ ከዚህ ነው። ብዙ ባለቤቶች ፑንቲናውን አውጥተው ኤሌክትሮኒክ አስገብተዋል። የእናንተም ከሆነ ይህን ክፍል ዝለሉት።

ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ አንስታችሁ ፑንቲናዎቹ ያሉበትን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈቱ። ፑንቲናው በጣም በሚከፈትበት ቦታ አቁሙና ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ አድርጉ። መጀመሪያ ክፍተት፣ ከዚያ ሰዓት፣ ማለትም እሳቱ የሚተኮስበት ቅጽበት፤ ክፍተቱ ሲቀየር ሰዓቱም ይቀየራል።

ሰዓቱን በአምፖሏ ነው የምንይዘው። አንዱን ሽቦ ፑንቲናው ላይ፣ ሌላውን ሻሲው ላይ አድርጉና ቁልፉን ክፈቱ። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ አምፖሏ ትጠፋለች፣ ሲከፈት ትበራለች። ጎማውን ወደ ፊት ስታዞሩ ከዲ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚያልፍ ሌላ መስመር አለ። የቀኙ አምፖል መብራት ያለባት ልክ እዚያ መስመር ላይ ነው። ካልሆነ የዲስትሪቢዩተሩን አካል ላላ አድርጋችሁ በጥቂቱ አዙሩ። የግራውን ግን አካሉን እንደገና በማዞር አታስተካክሉ፣ የቀኙን ታበላሻላችሁ። የግራው ፑንቲና የተቀመጠበትን ሳህን ብቻ አንቀሳቅሱ። ስትጨርሱ ቁልፉን መዝጋት አትርሱ፣ ቦቢናው ይሞቃል።

3. ካርቡራቶር

ካርቡራቶሮቹ ሁለት ዴሎርቶ ቪኤችቢ 30 ናቸው። በውስጣቸው አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት በር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ገመድ አለው። ሁለቱ በሮች እኩል ካልተነሱ አንዱ ሲሊንደር ሲሠራ ሌላው ይጎተታል። ሰው አሮጌ ሞተር ስለሆነች ትንቀጠቀጣለች ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እርጅናው ሳይሆን ይህ ነው።

አየር ማጣሪያውን የሚያገናኙትን ጎማዎች ንቀሉ። የግራ ጣታችሁን በአንዱ አፍ፣ የሌላ ሰው ጣት በሌላኛው አፍ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በሮቹ በአንድ ቅጽበት መንቀሳቀስ መጀመር አለባቸው። ካልሆነ ከላይ ባለው የገመድ ማስተካከያ አንዱን አላሉ ወይም አጥብቁ። የነዳጅና የአየር ድብልቅ ብሎኖችን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በቀስታ ዝጉ፣ ከዚያ አንድ ተኩል ዙር ገደማ ክፈቱ። መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ምቱ ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ በጆሯችሁ ፈልጉ። የመምጠጫ ኃይል የሚለኩ ሁለት ጌጆች ካላችሁና ለነሱ የሚሆን ቀዳዳ ካላት እጅግ ትክክለኛ ይሆናል። ግን በጣትና በጆሮም ጥሩ ቦታ ይደረሳል።

4. ሦስት ዘይት፣ ሦስት ቤት

ከመኪና የመጣ ሰው ይህን ይወደዋል። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ካርዳኑ ዘይት አይጋሩም። ሞተሩ 3 ሊትር፣ ካምቢዮው 0.75 ሊትር፣ የኋላው ካርዳን 0.25 ሊትር ይይዛሉ። ለሁለቱ የኋላ ቤቶች የማርሽ ዘይት ነው የሚገባው። ፋብሪካው ለካርዳኑ ጥቂት የሞሊብዲነም ጭማሪ ያዛል።

የሞተሩ ዘይት ሞቅ ሲል አፍስሱት፤ ቫልቭ ከሠራችሁና ካነሳችኋት በኋላ ማለት ነው። የቲ3 የዘይት ማጣሪያ ኮፓው ውስጥ ነው። ማጣሪያውን ለመቀየር ኮፓውን ማውረድ ግድ ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ጥቅም አለው፤ የኮፓውን ወለል በዓይናችሁ ታያላችሁ። ወለሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ቅርፊት ካገኛችሁ አትለፉት። የዚያ ዘመን ሲሊንደር ክሮም ስለተለበጠ ሲያረጅ ክሮሙ ሊላጥ ይችላል። የተላጠው ቅርፊት ከዘይት ጋር ዞሮ ሌላውን ያበላሻል። ጥርጣሬ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብታችሁ ግድግዳውን እዩ። ከተላጠ መድኃኒቱ በሌላ ልባጥ የተሠራ አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን ነው። ዛሬም እዚያው ማንዴሎ ዴል ላሪዮ ያለው ጂላርዶኒ እነዚህን ሲሊንደሮች በመሥራት ይታወቃል።

አዲሱን ማጣሪያ ስትገጥሙ ወገቡ ላይ የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ቀለበት አድርጉ፣ እንዳይዞር አንድ ነገር ተደግፎ እንዲቆም። የጉዚ ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ማጣሪያው ኮፓ ውስጥ ተፈትቶ ቢላላ ከውጭ አይታያችሁም፤ የምታውቁት የዘይት መብራት ሲበራ ነው።

ካምቢዮውና ካርዳኑ ሦስት ሦስት ብሎን አላቸው፤ መሙያ፣ ልክ ማሳያና ማፍሰሻ። በልክ ማሳያው ቀዳዳ ዘይት መውጣት ሲጀምር አቁሙ። ከመግዛቴ በፊት ሰርቪስ ያደረጋት ጋራዥ የካርዳኑን ዘይት ከልክ በላይ ሞልቶት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዘይቱ በፓራኦሊዮው፣ ዘይት በሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ በኩል ወጥቶ የኋላ ቸርኬው ላይ አገኘሁት። ጎማው ላይ ደርሶ ቢሆን መታጠፊያ ላይ እወድቅ ነበር። ጥቂት ጠብታ ይጨመር የሚል ለጋስነት እዚህ አይሠራም።

5. ፍሪሲዮንና ካርዳን

የፍሪሲዮን መያዣው መሥራት ከመጀመሩ በፊት 4 ሚሊሜትር ገደማ ነፃ ጉዞ ይኑረው። ከዚያ ካነሰ ዲስኮቹ ሙሉ በሙሉ አይያዙም፣ ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ።

ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ ጠላቱ ዘይት ነው። የፍሪሲዮኑን ቤት ታች በጣታችሁ ዳብሱና አሽቱ። ዘይት ካለ ከየት እንደመጣ አፍንጫ ይለያል። የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ አለው፣ ይሰነፍጣል። የሞተር ዘይት አይሰነፍጥም። የሚሰነፍጥ ከሆነ የካምቢዮው ፓራኦሊዮ ነው፣ ካልሆነ የክራንኩ የኋላ ፓራኦሊዮ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ናቸው። በቶንቲ ሻሲ የታችኛው ቧንቧዎች ስለሚፈቱ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከታች ደግፎ ሻሲውን ማንሳት ይቻላል። አንድ ቀንና አንድ ጓደኛ ይፈልጋል፣ ለብቻችሁ አትሞክሩት።

ካርዳኑ በቀኝ በኩል፣ በኋላው ሹካ ክንድ ውስጥ ያልፋል። ከፊት ክሮቼራ፣ ዘንጉ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ባለ መስቀል መጋጠሚያ፣ አለ፤ በጎማ ሽፋን ተሸፍኗል። ሽፋኑ ከተቀደደ ውኃ ገብቶ ኩሽኔታውን ይበላዋል፤ ርካሽ ነው፣ ወዲያው ቀይሩ። ክሮቼራውን ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጉ። ትንሽ ክፍተት መኖሩ ደህና ነው። ቀጭ የሚል ደረቅ ድምፅ ከሰማችሁ ግን የክሮቼራው መስቀል አልቋል። ነዳጅ ስትሰጡ ኋላዋ ከፍ፣ ስትለቁ ዝቅ ማለቱ የካርዳን ጠባይ ነው። ስለዚህ መታጠፊያ መሃል ነዳጁን በድንገት አትልቀቁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ጨርሱ።

6. የተያያዘው ፍሬን

ቲ3ን ከሌሎች የዘመኗ ሞተር ሳይክሎች የለያት ይህ ነው። ሦስት የብሬምቦ ዲስኮች አሏት፤ ፊት ሁለት ባለ 300 ሚሊሜትር፣ ኋላ አንድ ባለ 242። የእግር ፔዳሉ የኋላውንና የፊት ግራውን አንድ ላይ ይይዛል። የእጅ መያዣው የፊት ቀኙን ብቻ ነው የሚይዘው። ዋናው ፍሬን እግር ነው ማለት ነው። ከሌላ ሞተር ሳይክል የመጣ ሰው በልማድ እጁን ብቻ ይጨብጥና ፍሬን የላትም ይላል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። በመሃል መቆሚያ አቁማችሁ ፊቷ ከመሬት እስኪነሳ ኋላዋን ጓደኛ ይጫን። እናንተ የፊት ጎማውን እያዞራችሁ ሌላ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ። ጎማው ቀጥ ማለት አለበት። በእጅ መያዣውም ለየብቻ ድገሙ። ከዚያ ኋላውን። ሲለቀቅ ጎማው በነፃ ካልዞረ የፍሬኑ ፒስተን በዝገት ተይዟል፣ ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨብጠው አካል) ወጥቶ ይጽዳ።

ፈሳሹ ዶት 4 ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ውኃው ፈልቶ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ስትቀይሩ ሰልባትዮውን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፣ ቀለም ይበላል። የፔዳሉ መስመር ረጅም ስለሆነ አየር ይደበቅበታል። የኋላውንም የፊት ግራውንም አየር አስወጡ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን እንደገና ድገሙ። መስመሩ በሚከፈልበት ቦታ ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ እሱም አይረሳ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር አትንዱ። በዚህ ሥራ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ ከዚህ መመሪያ ሁሉ ያለ ይሉኝታ ለሰው መስጠት ያለበት ይህ ክፍል ነው።

ዲስኮቹ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ናቸው፣ ዝናብ ካገኛቸው በአንድ ሌሊት ይዝጋሉ። መጀመሪያ ስትይዙ ዝገቱ ይጠረጋል፣ አትጨነቁ።

7. መንገድ ላይ

መጀመሪያ በሰፈር መንገድ፣ በዝግታ። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ። ማርሹን በእርጋታ ቀይሩ፤ ቮላኖው ከባድ ነው፣ መጣደፍ አይወድም። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ተመለሱ። የክዳኖቹን ዙሪያ በጣት ዳብሱ።

ማታ ከሥሯ ትልቅ ካርቶን አንጥፋችሁ ተኙ። ጠዋት ካርቶኑን አንብቡ። ከፊት በኩል ያለ ጠብታ ኮፓው ወይም የክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው። መሃል ላይ ያለው የፍሪሲዮኑ ቤት ነው፣ አንስታችሁ አሽቱት። ከኋላ በቀኝ ያለው ካርዳኑ ነው። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፋችሁበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ የሚቀጥለው ሰርቪስ መቼ እንደሆነ ከእሱ ትቆጥራላችሁ።